ወንበር አትስጣቸው

ገንዳ ውስጥ የቀረሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ገላዬን ታጥቤ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። ጠርዙን ይዤ ሞከርኩ፣ ሳሙናው አንሸራተተኝ። በጎኔ ዞሬ ሞከርኩ፣ ትከሻዬ ግድግዳውና ገንዳው መሃል ተሰነቀረ። ውሃው ቀዘቀዘ። ስልኬ አልጋ ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ ትልቋ ልጄ ናት፣ በዚያ ሰዓት ነው የምትደውለው። የመታጠቢያ ቤቱን በር ደግሞ ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። ብቻህን እየኖርክ ለምን ትቀረቅራለህ እያሉ ልጆቼ እስካሁን ይጠይቁኛል። ራቁቱን የሆነ ሰው በር ይዘጋል። መልሴ ይኸው ነው።

የሳሙና ማስቀመጫው ብረት ነበር። ነቀልኩትና ቧንቧውን እቀጠቅጥ ጀመር። ቧንቧው በግድግዳው አልፎ ጎረቤቴ ቤት ይገባል። ጎረቤቴ ሽማግሌ ነው፣ ከኔም ይበልጣል፣ ጣሊያንኛ የሚናገር ፈረንጅ ነው፣ ጆሮው ግን የመካኒክ ጆሮ ነው። ሌላ ሰው የቧንቧ ድምፅ ሲሰማ ቧንቧ ነው ይላል፤ እሱ ግን ሰው እየመታው መሆኑን አወቀ። የቤቴ መለዋወጫ ቁልፍ እሱ ጋ ስለሆነ ገባ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ፣ አልከፈት አለው።

«ካቻቢቴ!» ብሎ ጮኸ፤ ሄዶ አምጥቶ የበሩን ማጠፊያ ብሎን በብሎን ፈታው። በሩን አንስቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ፊቱን አዙሮ ፎጣ ወረወረልኝ። ከዚያ ሁለታችን ስንጓተት፣ እኔ ስወጣ እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ እኔም አጠገቡ ወደቅሁ። ሳቅን። ተነሱ ቢሉን ግን ሁለታችንም አንችልም ነበር።

ከዚህ ሰው ጋር የምንግባባበትን ቋንቋ ልንገራችሁ። የሱ እንግሊዝኛ ከኔ ብዙም አይሻልም። ግን እኔ አገር ቤት ሳለሁ የከባድ መኪና ረዳት፣ ኋላም መካኒክ ነበርኩ። የኛ ጋራዥ ቋንቋ ደግሞ ግማሹ የጣሊያን ነው። ካንዴላ ስለው ያውቃል፤ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፒንሳ፣ ሁሉንም ያውቃል። መጀመሪያ የተዋወቅነው ከሕንጻው ኋላ ፓርኪንጉ ላይ ነው። እሱ አሮጌ መኪና አለው፤ ከቆመ ቆይቷል። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ አየሁትና ባለፍኩበት «ካንዴላው ነው» አልኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እዚያች መኪና ላይ ተደፍተን እንውላለን። አትነሳም። እንድትነሳም አንቸኩልም።

ቤታችን እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቅና ሬስቶራንት ከሞላበት ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከበሬ ወጥቼ በእግሬ የማልደርስበት የለም። እዚያው ሰፈር የሬስቶራንቶቹን ደንበኞች መኪና ፓርክ ሳደርግ ነው ያረጀሁት፤ ባለ ሱቁ ሁሉ ያውቀኛል፣ ጋሼ ይለኛል፣ ቆሜ ሳወራ ቀኑ ይመሻል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው። ሌላ አልጠየቅሁም።

የገንዳውን ነገር ለልጆቼ የመንገር ሐሳብ አልነበረኝም። ስልክ ስላላነሳሁ ትልቋ በመኪና እየበረረች መጣች፤ በሩ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፎ አየች፣ ሁለት ሽማግሌ ወለል ላይ እርጥብ ሆነው ተቀምጠዋል። ሶ፣ ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

በሳምንቱ ልጆቼ ፌርፋክስ ላይ አንድ ሬስቶራንት ጠሩኝ። ሦስት ናቸው። ትልቋ ባልድዊን ሂልስ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ወንዱ ኖርዝ ሆሊውድ ነው። ትንሿ ዌስትቼስተር ሆና ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ትሠራለች። እኔን የጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጡኝና በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። በፊቴ ስልክ አስቀምጠው ካርታ እያዩ፣ በጣት እያሳዩ፣ ከዚህ እዚያ ስንት ደቂቃ ነው ይባባላሉ። እኔ ቁርጤን እበላለሁ።

«አባዬ፣ ያሰብነው ምን መሰለህ» አለች ትልቋ ኋላ። «ዋናው ቤትህ እኔ ጋ ይሆናል። ከዚያ እየተቀያየርን።»

«እኔ ጋ ደግሞ ሲበርድ ትመጣለህ» አለች ትንሿ። «ሰፈሬ ጸጥ ያለ ነው።»

«አውሮፕላኑስ?»

«የቱ አውሮፕላን?»

«ጣራሽ ላይ የሚያርፈው።»

ወንዱ ሳቀ። «ሰንደይ ሰንደይ እኔ ፒክ አደርግሃለሁ» አለ።

«ወዴት?»

«ኖርዝ ሆሊውድ ነዋ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«እኔ አለሁ፣ አባዬ።»

ይቺኛዋ ገባችብኝ። ቁርጤን ገፋ አድርጌ «የኔስ ቤት?» አልኩ።

ተያዩ። «እንለቀዋለን» አለች ትልቋ።

«እናንተ ማናችሁ? ውሉ በማን ስም ነው?»

«አባዬ፣ ገንዳ ውስጥ ብትሞትስ?»

«ታጥቤ ሞትኩ ማለት ነዋ። ለአጣቢዎቹ ሥራ ቀነስኩላቸው።»

እንባዋ መጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ቀልዱ ክፉ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። «አልሄድም» አልኩ፤ ተነስቼ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ቤቴ በእግር የሚገባበት ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ልጆቼ መጥፎ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። በመጥፎ ልጅ ላይ በር ይዘጋል። በሚያለቅስ ልጅ ላይ ምን ይዘጋል?

በማግስቱ መኪናዋ ጋ ሆነን ለጎረቤቴ ነገርኩት። ካርታውን፣ ጣቱን፣ ዋና ቤት ትርፍ ቤት የሚሉትን። የእጁን ዘይት በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና፣ «የኔን አገር ነው እኮ ያደረጉህ» አለኝ።

አገሩን ከዚያ በፊትም ነግሮኛል፤ ግን እንዲህ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጣሊያን ተሸንፋለች። ትሪየስቴ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ጣሊያን የኔ ናት አለች፣ ዩጎዝላቪያ የለም የኔ ናት አለች። ኃያላኑ መንግሥታት ተሰበሰቡና እንግዲያው የማናችሁም አትሁን፣ ራሷን የቻለች አገር ትሁን አሉ። ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች ቆርጠው ነጻ ግዛት ብለው ሰየሟት። ነጻ ይበሏት እንጂ ግማሹን እንግሊዝና አሜሪካ ያዘው፣ ግማሹን ዩጎዝላቪያ። ገዢ ይሾምላታል ተባለ። አንዱ ያቀረበውን ሌላው እየጣለ ገዢ ሳታይ ቀረች። የራሷ ቴምብር ነበራት። ጥቂት ዓመት እንዲያ ቆየችና፣ እነዚያው ሰዎች ሎንዶን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከሁለት ከፈሏት፤ ከተማዋ ለጣሊያን፣ የደቡቡ መንደር ለዩጎዝላቪያ። የሱ መንደር ልክ መሃሉ ላይ ነው፤ ኮረብታው ላይ።

«ጠየቋችሁ?» አልኩት።

«ማን? እኛን?» ሳቀ። «አንተን ጠይቀውሃል?»

የኛም ሰሜን፣ ኤርትራ፣ የጣሊያን የነበረች ስለሆነች፣ በዚያው ሰሞን የኃያላኑ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ስለሷ ከጀመርኩ ግን ፌርፋክስ ላይ ጠብ እንጂ ጽሑፍ አይወጣም፤ ልተወው።

ከዚያ የወንበሩን ነገር ነገረኝ። እናቱ እስክትሞት ድረስ ያወራችው ነው። ሎንዶን ላይ የተሰመረውን መስመር መሬት ላይ የሚተክሉ ሰዎች መጡ። መኮንኖች ናቸው፤ የጣሊያንም፣ የዩጎዝላቪያም፣ እንግሊዝም አለበት። እንጨት ተሸካሚ ወታደር ከኋላቸው። ኮረብታውን ሲወጡ ሲወርዱ ውለው ደክሟቸዋል። መስመሩ ከመንደሩ በታች ባለው ወንዝ እንዲያልፍ ነበር የሚባለው፤ ወንዙ ቁልቁል ነው፣ ገና ይቀራቸዋል። አባቱ ደግ ሰው ነው። ካስተናገድኳቸው መሬቴን ይተዉልኛል ብሎ ያስባል። ከማድ ቤት ወንበሮቹን አውጥቶ ዛፉ ሥር ደረደረላቸው። ጠረጴዛም አወጣ። ወይን ቀዳላቸው።

ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ። ወይኑን አመሰገኑ። ካርታቸውን የአባቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ወንዙ ድረስ ማን ይወርዳል ተባባሉና፣ እዚያው እንደተቀመጡ መስመሩን በግቢው አሳለፉት። ቤቱ ወዲህ፣ የውሃ ጉድጓዱና የላሟ ጋጥ ወዲያ። እንጨቱን ተከሉ። አባቱን ጨብጠው ሄዱ።

«ላሟስ?» አልኩት።

«ላሟ ከቦታዋ ሳትነሳ ውጭ አገር አደረች» አለ። «ለማለብ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

እስኪበቃን ሳቅን። ኋላ ግን እሱ ካቻቢቴውን አነሳ። ቤተሰቡ ዓመት ሳይሞላው ጓዙን ጋሪ ላይ ጭኖ ትሪየስቴ ወረደ፣ ከዚያ መርከብ። እናቱ ከወንበሮቹ አንዷን እንኳ አልጫነችም። ለባሏ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ አንተ ባታስቀምጣቸው ኖሮ ወንዙ ድረስ ይወርዱ ነበር።

«ሶ» አለኝ በካቻቢቴው ደረቴን ነካ አድርጎ፣ «ካርታ ይዞ ለመጣ ሰው ወንበር አትስጥ።»

እኔ ይህችን ያዝኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ያን ቀን የመታጠቢያ ቤቱን በር ሊገጥምልኝ መጥቶ ውስጥ ነው፤ አሮጌዎቹ ብሎኖች ስለተላጡ የሚሆን እስኪያገኝ በሩ እስከዚያ ቀን ተደግፎ ነበር የቆየው። ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ነጭ ነጠላ ለብሰው። የንስሐ አባቴ አሉ። ድሮ ተማሪ ሆኖ የመጣ፣ አሁን ቤት የሚያሻሽጥ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው አለ። ሦስተኛው ወዳጄ ነው፤ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ እኔ ፓርኪንግ ላይ እሱ ታክሲ ውስጥ ሆነን ስንት ዘመን የተሰዳደብን። ጉልበቱን ኦፕሬሽን ካደረገ ገና ነው። በምርኩዝ ነው የመጣው።

ሲያዩዋቸው ይታወቃል። ሽማግሌ ተልኮብኛል። አባት ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ አውቃለሁ፣ ልጅ በአባቱ ላይ ሲልክ ግን በኔ ጀመረ።

«ግቡ» አልኩ። ገቡ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ አንድ ወንበር።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ባለቤት ተቀመጡ ይላል፤ ሽማግሌ አንቀመጥም፣ መጀመሪያ ጉዳያችንን እሺ በሉን ይላል። እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ። እኔ ተቀመጡ አላልኩም። በዕድሜዬ እንግዳ ተቀመጥ ያላልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። እነሱ ተቀመጡ እስክል ይጠብቃሉ፣ አንቀመጥም ለማለት። እኔ ዝም። እነሱ ዝም። ቤት የሚያሻሽጠው ጉሮሮውን ጠረገ። አባ መስቀላቸውን አገላበጡ።

«እኛ... አንቀመጥም» አለ ቤት አሻሻጩ በመጨረሻ።

«ማን ተቀመጡ አለህ?» አልኩት።

ወዳጄ ፊቱን አዙሮ ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ» አለ ሰውየው፣ «እርስዎ ዘንድ የመጣነው ለበጎ ነው።»

«ልታጩኝ ነው እንዴ ነጠላ ለብሳችሁ የመጣችሁት? ሴቲቱ ማናት?»

«ባልድዊን ሂልስ ናት» አለ ወዳጄ ምርኩዙን ተደግፎ። «ቁንጅናዋ አይጣል ነው፣ የመዋኛ ፑል አላት።»

«አላገባትም።»

«የልጅዎ እንባ...» አሉ አባ። «ልጅቱ ስልክ ባላነሱ ቁጥር ሞቱ ብላ ነው የምትነዳው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? ያንን ያስቡት። እኛ እንግዲህ እሺ ካላሉን ቆመን እናድራለን።»

«ይደሩ፣ አባ። እኔም እቆማለሁ።»

ቆምን። አራታችንም። ወንበሯ መሃላችን ናት፣ ማንም አያያትም። ጎረቤቴ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ራሱን ብቅ አድርጎ ያየናል። አማርኛ አይሰማም። «ለምን አይቀመጡም?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ነገሩን አስረዳሁት፤ ከተቀመጡ ቤቴ ሄደ አልኩት። ዓይኑ በራ። «ጎበዝ» አለና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

አባ ከመጽሐፍ ጠቀሱ። ቤት አሻሻጩ ስለ ደረጃ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ኢመርጀንሲ ተናገረ። በእውነት ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ የተናገረውም ውሸት የለበትም። እኔ አንዲት ነገር ብቻ እመልሳለሁ፤ «እዚያ በእግሬ የምሄድበት የለም።» መኪና አለ ይሉኛል። «የሚነዳው ማነው?» እላለሁ። ልጆችዎ ይሉኛል። «እንግዲያው እኔ አልሄድም፣ እወሰዳለሁ» እላለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ወዳጄ መናገር ካቆመ ቆይቷል። ፍሪጁን ተደግፏል። የግንባሩ ላብ በጺሙ ይወርዳል። አየሁት፤ ያ የታመመ እግሩ ሱሪው ውስጥ እንደ ሞተር ይንቀጠቀጣል።

«አንተ» አልኩት። «ጉልበትህ።»

«ተወው።»

«ሐኪም ምን አለህ?»

«ብዙ አትቁም አለኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንተን ግን አያውቅህም።»

«ተቀመጣ!»

«እሺ ሳትል? ሽማግሌ ነኝ እኮ።»

«ሽማግሌነትህ ይቅር፣ ተቀመጥ።»

«እሺ በለኝና ልቀመጥ፣ ወንድሜ። አልቻልኩም።»

ሌሎቹ ሁለቱ ያዩኛል። ያን ጊዜ የገንዳው ቅዳሜ መጣብኝ፤ ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ። እሺ ካልኩ ቤቴ ሄደ። እሺ ካላልኩ ሰውየው ፊቴ ይወድቃል። ይሄ ሰው ሚስቴ የሞተች ሰሞን ታክሲውን አቁሞ ድንኳን ሥር ከኔ ጋር የተቀመጠ ሰው ነው።

ወንበሯን አነሳሁ። እሺ አላልኩም። ወንበሯን ብቻ አንስቼ ከኋላው አደረግሁለት፣ ትከሻውን ይዤ ጫን አደረግሁት። እግሩ ከዳው መሰለኝ፤ ዘፍ አለ።

«ተቀመጠ!» አለ ቤት አሻሻጩ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ አባ፤ ወዲያው አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ደክሟቸው ኖሯል። ቤት አሻሻጩ አቅፎ ሳመኝ። ስልክ አወጣ፤ ለትልቋ ልጄ ነው። በስልኩ ውስጥ እልልታዋን ሰማሁት። እልልታ ላይ ቆሞ እሺ አላልኩም የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ጎረቤቴ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ አየ። ወንበሯን አየ፣ በላይዋ የተቀመጠውን አየ፣ እኔን አየ። የገጠመውን በር አንዴ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ከፈተው። ማጠፊያው ድምፅ የለውም፤ አሳምሮ ነው የሠራው። ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

አሁን ባልድዊን ሂልስ ነኝ። ክፍሌ ከድሮ ቤቴ ትበልጣለች። በመስኮቱ ከተማው ሁሉ ይታያል፤ ፌርፋክስ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ማየት ብቻ ነው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ወርጄ እንደሁ መውጫ የለኝም። መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ብረት ተገጥሞለታል። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ ልጄ አስነቅላዋለች። ስታጠብ ከውጭ ሆና «አባዬ፣ ኦኬ ነህ?» ትላለች። «ኦኬ ነኝ» እላለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቃለች።

ወዳጄ በወር አንዴ ሰው አምጥቶት ይመጣል። ጉልበቱ ድኗል። «እውነቴን ነው ያመመኝ» ይለኛል ሳልጠይቀው። «አውቃለሁ» እለዋለሁ። ጎረቤቴ በስልክ ይደውላል፤ መኪናዋ አንድ ቀን ሳል ሳል አድርጓት መልሳ ጠፋች አለኝ። «ካንዴላው» አልኩት። «መጥተህ እየው» አለኝ።

እዚህ ቤት ወንበር ሞልቷል። የቆዳ አለ፣ የሚሽከረከር አለ፣ እግር የሚያነሳ አለ። እንግዳ ሲመጣ እኔ ቆሜ ነው የማጫውተው። ምግቤንም በቁሜ እበላለሁ። ይህን የምጽፈው አልጋ ጫፍ ላይ ሆኜ ነው፤ አልጋ ወንበር አይደለም።

«አባዬ፣ ኧረ ተቀመጥ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ ልጄ ትናንት።

«እሺ አላልኩማ» አልኳት።

ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ሳህኔን ወሰደች። እኔም መስኮቱን ተደግፌ ቆየሁ። እግሬ ግን ያመኛል፤ ያንን አልደብቅም።